መድኃኒቱ ለምን ከኮኬይኑ ጋር ይሞከራል?
«ለኮኬይን ሱስ የታሰበ መድኃኒት ሲሞከር ለተሳታፊዎቹ ኮኬይን ይሰጣቸዋል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ በአንዳንድ ሙከራዎች እውነት ነው። ግራ ያጋባል አይደል? ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ታካሚው መድኃኒቱን እየወሰደ ሱሱ ሊያገረሽበት ይችላል። ያኔ መድኃኒቱና ኮኬይኑ ሰውነቱ ውስጥ ይገናኛሉ። ኮኬይን ብቻውን እንኳ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። መድኃኒቱ ይህን ካባባሰው ጉድ ፈላ! ስለዚህ ኮኬይኑ ቀድሞም ተጠቃሚ ለሆኑና ፈቅደው ለፈረሙ ሰዎች ብቻ፣ በሐኪም ክትትል፣ ከትንሽ መጠን ተጀምሮ ይሰጣል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) እና የደም ግፊት በየጊዜው ይታያል። ውጤቱ ከተቀመጠው ገደብ ካለፈ ቀጣዩ የኮኬይን መጠን ይቀራል። ለአልኮል ሱስ የሚሰጠው ዳይሰልፊራም በደም ውስጥ ያለውን የኮኬይን መጠን ከፍ እንደሚያደርግ የታየው እንዲህ ባለ ሙከራ ነው። ይህን ሳያውቁ ለታካሚ ማዘዝ ነበር የሚያስፈራው።