ላባዋን ነፍታ ለተቀመጠች ወፍ፦ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወጣቶች፣

ሰሞኑን አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። ዜብራ ፊንች የምትባል ትንሽ የቤት ወፉ ላባዋን ነፍታ በኬጁ ወለል ላይ መዋል ከጀመረች ሁለት ቀን እንደሆናት፣ በተነፈሰች ቁጥርም ጅራቷ ከፍ ዝቅ እንደሚል ከገለጸ በኋላ፣ «በመጠጥ ውኃዋ ላይ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልጨምርላት?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን በዚያው ሌሊት ጽፌ ልኬለታለሁ፤ ጥያቄው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ይህንኑ ነገር በሰው አገር አይቼዋለሁ፤ ያየሁትም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት እ.ኤ.አ. በ1979 በተከፈተው የደብረ ዘይት ፋኩልቲ ነው። የዘመኑ ትምህርትም ሆነ ሥራ ከብት ላይ ያተኮረ ነበር፤ የምናጠናው የከብት በሽታዎችን፣ ደስታን፣ አባ ሰንጋንና አባ ጎርባን ሲሆን፣ ክንፍ ያለው ነገር ከተነሳም የዶሮ ፈንግል ነበር የሚነሳው። የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ፣ በየበረሃው ክትባት ተሸክመው የዞሩትን ጓደኞቼን እያሰብኩ አልቅሻለሁ። 12 ግራም ያህል የምትመዝን ወፍ ታካሚዬ ትሆናለች የሚል ሐሳብ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረኝም። ኋላ ኑሮ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ወዳለችው ሻርጃ ወሰደኝና በአንድ ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ሻርጃ ደግሞ ትልቅ የወፍና የእንስሳት ገበያ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ትንንሾቹን ወፎች እዚያው፣ ከሥራው ላይ ተማርኳቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የቤት እመቤት ከኢትዮጵያዊት ሠራተኛዋ ጋር መጣች። ሠራተኛዋ ሽፋኑ የተበሳሳ የጫማ ካርቶን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ጉልዲያን ፊንች ነው። ይህን ወፍ ያላያችሁ ብትኖሩ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ የሰሜን አውስትራሊያ ተወላጅ ነው። እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ጆን ጉልድ በሟች ባለቤቱ በኤሊዛቤት ስም የሰየመው ሲሆን፣ እርሷም የእጅ ሥዕሎቿ ዛሬም ድረስ የሚደነቁላት ሠዓሊ ነበረች። በዚያ ቀን ግን ከዚህ ሁሉ ቀለም የሚታየኝ ጥቂት ነበር፤ ወፉ ዓይኖቹን ከድኖ፣ ምንቁሩን ከፍቶ፣ ትንፋሽ እየቆጠረ ይተነፍስ ነበር።

እመቤቲቱ ከገበያ የገዛችውን የአንቲባዮቲክ ዱቄት አሳየችኝ። ለቀናት በውኃው ላይ በጥብጣ ስትሰጠው መክረሟን፣ ነገር ግን አለመሻሉን ነገረችኝ። ደግ ሴት ነበረች፤ ወፉንም ትወደው ነበር። ወዲያው ስልኳ ጠራና ለማነጋገር ወደ ውጭ ወጣች። ልጅቱ ብቻዋን ስትቀር በአማርኛ ሰላም አልኳት። ከወሎ መሆኗን ነገረችኝና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይህ ወፍ እኮ ከታመመ ቆይቷል» አለችኝ።

ቀጥላ የነገረችኝን የማንኛውም ፕሮፌሰር ማስታወሻ አይበልጠውም። መጀመሪያ የተቋረጠው ዘፈኑ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ይዘፍን የነበረው ወፍ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በጉሮሮው አንዳች ነገር እንደተሰነቀረበት ሁሉ ምንቁሩን በመቆሚያው እንጨት ላይ መላልሶ ይጠርግ ጀመር። ማታ ማታ ኬጁን በጨርቅ ሸፍና መብራቱን ስታጠፋ፣ ቀን በአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ የሚዋጥ «ጭቅ፣ ጭቅ» የሚል ድምፅ ከትንፋሹ ጋር ይሰማታል። ለቤቱ ሰዎች ስትነግራቸው፣ «ይበላ የለም እንዴ?» ብለው መለሱላት። እርሷ ግን የምግቡን ሰሐን ስታጸዳ ገለባውን በትንፋሿ እፍ ብላ ታየው ነበርና፣ ፍሬው እየተፈለፈለ ሳይዋጥ መውደቁን አውቃለች። የታመመ ፊንች የሚበላ መስሎ ሰውን ያታልላል፤ በዱር ሳለ በሽታውን የሚያሳይ ወፍ ለአዳኝ ስለሚጋለጥ፣ መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ይህን ሳይንስ ለእርሷ ያስተማራት ሰው አልነበረም።

በዚያው መካከል ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የወፍ ምግብ ቅይጥ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ ጥቁሯን ቀጭን ፍሬ አነሳችና፣ «ይህ እኮ የእኛ ኑግ ነው!» አለች፤ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። እውነቷን ነው። ኑግ የኢትዮጵያ ተክል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በየግቢው ለሚመጡ ቢጫ ፊንቾች ከአገራችንም ከሕንድም እየተጫነ ይሄዳል፤ ከእርሱ ጋር የሚሄድ የአረም ዘር እንዳይበቅልም በሙቀት ይታከማል። ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ኬጅ ውስጥ ለሚውል ወፍ ጥቂት ብቻ ይበቃዋል።

ወፉን ሙቀትና ኦክስጅን ባለው ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። ከምሽቱ በፊት ሞተ። በእመቤቲቱ ፈቃድ ከፍቼ በማጉያ መነጽር ስመለከተው፣ የአየር ቧንቧው ውስጥ እንደ ቁንዶ በርበሬ ብናኝ ያሉ ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ። የአየር ከረጢት ማይት ይባላል፤ ከመዥገር ወገን የሆነ፣ በወፏ መተንፈሻ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተባይ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ይህን ተባይ አይነካውም። በቤቱ የቀሩትን ወፎች በተገቢው መድኃኒት፣ በአንገታቸው ቆዳ ላይ ጠብታ እያደረግን አከምናቸው፤ ከቀናት በኋላም ደገምንላቸው። ወፎቹን አንድ በአንድ እየያዘች የምታቀርብልኝ ያቺው ልጅ ነበረች፤ ሁሉም ተረፉ። እንግዲህ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ነበር፣ ሐኪሙ ነበር፣ በሽታውን ገና ሲጀምር በጆሮዋ የሰማች ሰውም እዚያው ቤት ነበረች፤ የጎደለው እርሷን የሚሰማ ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚህ መድኃኒት ከመጠየቃችሁ በፊት ወፏን የሚመግባት ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ታናሽ እኅታችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ ልትሆን ትችላለች። የዘመኑ ወጣት ስልኩን ከእጁ ስለማይለይ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ኬጅ ለአሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መመልከት ያቅተዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ይሁንና ያንኑ ስልክ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ከኬጁ አጠገብ ብታስቀምጡትና የወፏን ትንፋሽ ድምፅ ብትቀዱበት፣ ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። እኔ በዘመኔ ያንን የመሰለ መሣሪያ ቢኖረኝ እወድ ነበር።

አሁን አጣዳፊው ነገር ሙቀት ነው። ላባዋን የነፋች ፊንች ሙቀቷን ለመጠበቅ አቅሟን እየጨረሰች ነውና፣ ከሌሎቹ ለይታችሁ በትንሽ ኬጅ ውስጥ አድርጓትና በአንድ ጎን አምፖል አብሩላት። በአምፖሉ በኩል 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ጎንም ይተውላት። ምግቧንና ውኃዋን አፍንጫዋ ሥር አድርጉ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ወፍ ሳትበላ አንድ ቀን ብትውል ልትሞት ትችላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መብራት ቢጠፋባችሁ፣ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከኬጁ ጋር አስጠጉት። የከሰል ምድጃ ግን ፈጽሞ አታስገቡ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ ወፎችን ይዘው ይገቡ የነበሩት፣ የከሰል መርዛም ጋዝ ከሰው አስቀድሞ ወፍን ስለሚጥል ነው። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍልም ወፍ አይኑር፤ ምግብ የማይጣበቅበት (ቴፍሎን) መጥበሻ ባዶውን ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ወፏን አትንኩ፤ መያዝ ራሱ ሊገድላት ይችላል። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የሚባለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷን በማንቀሳቀስ ነው፤ ደረቷን የጨበጠ ሰው ትንፋሿን ያቆማል። ነገር ግን ክብደቷን ሳታውቁ መሻሏንም መባሷንም ልታውቁ አትችሉም። ስለዚህ በትንሽ ሣጥን ውስጥ እንድትገባ አድርጋችሁ፣ የወርቅ ሠሪ ሚዛን በመሰለ፣ የግራምን አንድ አሥረኛ በሚያነብብ ሚዛን ጠዋት ጠዋት መዝኗት።

አንቲባዮቲክ በውኃ ስለ መስጠት የሚከተለውን እላለሁ። የታመመች ወፍ ውኃ ትቀንሳለች፤ ጣዕሙ ሲለወጥባት ደግሞ ጨርሶ ትተወዋለች። ዜብራ ፊንች በአውስትራሊያ ደረቅ ምድር የተፈጠረች ስለሆነች፣ ሳትጠጣ ረጅም ጊዜ መታገሥ ትችላለች፤ እናንተ መድኃኒት የሰጣችሁ ሲመስላችሁ እርሷ አንዲት ጠብታ እንኳ ላትወስድ ትችላለች። አይቨርሜክቲን የተባለውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒትም ከገጠር ዘመድ ተቀብላችሁ አትሞክሩ። ለከብት የሚወጋው ባለ 1 ከመቶ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ አንዷ ጠብታ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አላት ማለት ነው። ለ15 ግራም ወፍ ለከብት በኪሎ በሚታዘዘው መጠን ብናሰላው እንኳ የሚደርሳት 0.003 ሚሊ ግራም ነው። ያቺ አንዲት ጠብታ ከመጠኑ ከመቶ ጊዜ በላይ ትበልጣለች። የሚያቀጥነውና የሚለካው ሐኪም ይሁን።

ወፏ ከሞተችባችሁ፣ ከተመሳሳይ ኬጅ የመጡ ሌሎች ወፎች ካሉ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩአትና በማግሥቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። በረዶ በሚሠራው ክፍል (ፍሪዘር) ውስጥ ግን አታስገቧት፤ በረዶ የሰውነቷን ክፍሎች ስለሚያበላሽ ለምርመራ አትመችም።