ድንጋይ ካባ ለምትገቡ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ወጣት መሐንዲስ "ጋሼ፣ ሁሉን ማሽን ከሠራው እኛ ምን ቀረን?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ተመርቄ የኖራ ድንጋይ ካባ ስገባ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ነበሩ። መሮ ከማሳረፋቸው በፊት ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ። አዲስ መሰርሰሪያ ሲመጣ አሰናበቷቸው። ካቦው ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም። ያን ሁሉ እውቀት ማንም ሳይጽፈው ይዘውት ሄዱ።

ይበልጥ የቆጨኝ የአሜሪካዋን ኢንዲያና ካባዎች ታሪክ ሳውቅ ነው። የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ የለበሰው የኖራ ድንጋይ ከዚያ ነው የወጣው። የሕንፃ ድንጋይ በባሩድ ከተመታ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ዙሪያውን በሰው ክንድ ይቦረቡሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 የቬርሞንቱ ጆርጅ ዋርድዌል በእንፋሎት የሚሠራ ቦይ መቁረጫ ፈለሰፈ። መጀመሪያ እብነ በረድ ቆረጠ፣ ኋላ ኢንዲያናም ገባ። ማሽኑ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ሃዲድ ይመላለሳል። ጎኑ ላይ የታሰሩት መሮዎች እየተነሱ ይወድቃሉ። በተመላለሰ ቁጥር ቀጭኗ ቦይ ትጠልቃለች። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ እንፋሎት የሚያፈላውን ቦይለር ከሰል ያጎርሳል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ልብ በሉልኝ። ቦዩ ቢቆረጥም ድንጋዩ ከሥሩ እንደተጣበቀ ነው። የመጀመሪያው ጉማጅ ከታች መግቢያ ስለሌለው ሰባብረው ያወጡታል። በከፈተላቸው ቦታ ገብተው ቀጣዩን ከሥሩ በአግድም ይበሱታል፣ ሽብልቅ ይመቱበታል። ከዚያ ግድግዳ የሚያህለው ድንጋይ ወደ ጎን ይገለበጣል። ባዶ ወለል ላይ ካረፈ ይሰበራል። ስለዚህ ፍርስራሽ ድንጋይ እንደ ፍራሽ ያነጥፉለታል። የቱ ጋ ይወፍር፣ የቱ ጋ ይሳሳ የሚለውን ቦይለሩ አያውቅም፤ ሰው ነው የሚያውቀው።

ትኩስ የወጣ ድንጋይ ደግሞ ውስጡ ውሃ አለው። ውርጭ ካገኘው ይሰነጠቃል። በዚያ በብርዱ ወራት ሥራው ይቆም ነበር፤ የቀን ሠራተኛ ሥራው ሲቆም ገቢውም ይቆማል።

በነገራችን ላይ፣ ካባችሁ ያለው ጆው ክሬሸርም፣ ድንጋይ በመንጋጋ የሚሰባብረው ማሽን፣ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ኢላይ ዊትኒ ብሌክ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። እስካሁን በዚያው መንጋጋ ያኝካል። ሳየው ሁሌም ደስ ይለኛል።

ማሽን አትፍሩ እላለሁ። ደግሞ እኚያ ሽማግሌ የፈሩት ደርሶባቸዋል፤ ሁለቱንም አምናለሁ። እናንተ ቪዲዮ አይታችሁ በአንድ ቀን መሰርሰሪያ ታስነሳላችሁ፣ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ግን ብዙዎቻችሁ ከማሽኑ ካቢን አትወርዱም። ድንጋዩን በእጁ የሚነካ ልጅ አልፎ አልፎ ነው የማየው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ስትበሱ የሚወጣውን ዱቄት እዩት። ቀለሙ ከተለወጠ ጥልቀቱን ጻፉ። መሰርሰሪያው ድንገት ፈጥኖ ከገባ ከታች ክፍተት ወይም ጭቃ ሊኖር ይችላል። ድማሚት የሚሞላው ሰው ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ ንገሩት።