ማብላያው ከጠፋ በኋላ፤ ስለ ኑክሌር ማመንጫ አደጋ ለጠየቃችሁኝ

በሙያዬ የመጠባበቂያ ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ መሐንዲስ ነኝ። ቢሮዬ ፒያሳ ነው፤ የሥራ ቀኔ ግን የሚያልፈው በሆስፒታልና በሆቴል ምድር ቤት ነው። የኑክሌር ማመንጫ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ሆኖም በጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫ ስለደረሰው አደጋ የተጻፉትን የምርመራ ሪፖርቶች ለዓመታት ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የከዱት ዕቃዎች እኔ በየቀኑ የምነካቸው ናቸው፤ ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ ቫልቭ፣ ኬብል። ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመች ወዲህ ጥያቄ ስለበዛብኝ ጠይቁኝ አልኳችሁ። መልሴ ይኸው። ማብላያ የምለው ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥበትን የማመንጫውን እምብርት፣ ሪአክተሩን ነው። ቀንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ ሰዓቱ ግን የጃፓን ነው።

ኢንጂነር፣ የፉኩሺማ ማብላያዎች ርዕደ መሬቱ እንደተሰማ ራሳቸውን አጥፍተዋል ይባላል። ከጠፉ ታዲያ ለምን ቀለጡ? (የፊዚክስ ተማሪ፣ አራት ኪሎ)

የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቀዋል፤ እሳቱን ከምጣዱ ሥር ብታወጣውም ምጣዱ ወዲያው አይበርድም። ማብላያ ግን ከምጣድ ይከፋል። ምጣድ የሚተፋው ቀድሞ የያዘውን ሙቀት ነው፤ የኑክሌር ነዳጅ ግን የአቶሞቹ መሰንጠቅ ከቆመም በኋላ በውስጡ የተጠራቀሙት ንጥረ ነገሮች እየፈረሱ አዲስ ሙቀት ይፈጥራሉ። ይህን ሙቀት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የለም።

በቁጥር እንየው። የፉኩሺማ ቁጥር 1 ማብላያ ሙሉ የሙቀት ኃይሉ 1380 ሜጋ ዋት ነበር። በጠፋበት ቅጽበት ከዚህ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 90 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ይቀራል። የቆቃ ግድብ የማመንጨት አቅም 43 ሜጋ ዋት ነው፤ እንግዲህ "ጠፍቷል" የተባለው ማብላያ የቆቃን እጥፍ ያህል ሙቀት ይለቃል ማለት ነው። ሙቀቱ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወርድና በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ግማሽ በመቶ ይደርሳል። ይህ ትንሽ ይመስላል። እኔ በወረቀት ሳሰላው በሰዓት ወደ 10 ሺህ ሊትር ውኃ አትንኖ ይጨርሳል። በየሰዓቱ አንድ የውኃ ቦቴ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ለብዙ ቀናት። ቁጥር 2 እና 3 ደግሞ ከዚህ የሚበልጡ ነበሩ።

ውኃው ሲጎድል ነዳጁ ከላይ ይራቆታል። የነዳጁ መሸፈኛ ዚርኮኒየም የሚባል ብረት ነው፤ እጅግ ሲግል ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጅን ያወጣል። በቴሌቪዥን ያየነው ፍንዳታ ያ ሃይድሮጅን ነው።

እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ ይችል ነበር?

አይችልም። ለማመንጫ የሚውለው ዩራኒየም ለቦምብ እንደሚውለው የበለጸገ (በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት የበዛበት) አይደለም። የሚያሰጋው ሙቀቱ፣ ሃይድሮጅኑና የሚያመልጠው ጨረር አመንጪ ብናኝ ነው።

እርስዎ እዚያ ተረኛ መሐንዲስ ቢሆኑ በመጀመሪያዋ ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር? (ኤሌክትሪሻን፣ ሜክሲኮ)

መጀመሪያ የማየው ነገር እፈልግ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ ርዕደ መሬቱ የውጭውን የኤሌክትሪክ መስመር በጠሰ። ጄኔሬተሮቹ ተነሡ፤ እስከዚህ ሁሉም ነገር እንደታቀደው ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ግን ከ14 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሱናሚ ገባ። ማመንጫው ሊመጣ ይችላል ብሎ የተዘጋጀው ወደ 6 ሜትር ለሚጠጋ ማዕበል ነበር። የቁጥር 1 እና 2 መቆጣጠሪያ ክፍል ጨለመ፤ የመለኪያዎቹ መርፌዎች ወደቁ።

ወንድሜ፣ አንተ የሙያው ሰው ስለሆንክ ይህ ይገባሃል፤ ሠራተኞቹ ከመኪና ማቆሚያው የመኪና ባትሪ እየፈቱ አምጥተው፣ ሽቦ አስረው፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን የውኃውን መጠን ለማንበብ ሞከሩ። የሚያሳዝነው፣ የቁጥር 1 መለኪያ በመጨረሻ ሲነበብ ነዳጁ ገና በውኃ የተሸፈነ ነው አለ። ሐሰት ነበር። መለኪያው የሚያነጻጽርበት ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ራሱ ተንኖ ስለነበር ንባቡን ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር። ኃላፊዎቹም ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ማቀዝቀዣ እየሠራ ነው ብለው ለሰዓታት አመኑ፤ ቫልቮቹ ግን ተዘግተው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በመጋቢት 1971 ዓ.ም. በስሪ ማይል አይላንድ ኑክሌር ማመንጫ የሆነውም የዚሁ ዘመድ ነው። አንድ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ነክሶ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ያለችው መብራት የምታሳየው ግን "ዝጋ" የሚለው ትእዛዝ መላኩን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ በመብራቷ አምነው የአደጋ ጊዜውን ማቀዝቀዣ ቀነሱ፤ ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ስለዚህ ከእኔ ጋር ለሚሠሩ ወጣቶች ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መብራቷን አትጠይቁ፣ ሄዳችሁ እጀታውን ንኩ።

ጄኔሬተር ምድር ቤት ማስቀመጥ ያን ያህል ስሕተት ነው? በከተማችን ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

ሁሉም ሰው ስለሚያደርገው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ከዓመታት በፊት በነሐሴ ሌሊት በመሀል ከተማ ካለ አንድ ሆስፒታል ተጠራሁ። ዝናቡ የመንገዱን ፍሳሽ በመኪና መውረጃው በኩል ምድር ቤት አስገብቶታል። ስደርስ ውኃው ከጉልበቴ በታች ነበር። ሁለት ጄኔሬተሮች አሉ፤ ሁለቱም ከፍ ባለ የሲሚንቶ መደብ ላይ ስለሆኑ ደርቀዋል፤ አንደኛው እንዲያውም እየሠራ ነው። ኃይሉን ከጄኔሬተሩ ወደ ሕንጻው የሚያሻግረው የማቀያየሪያ ሰሌዳ ግን ወለሉ ላይ ነው የተተከለው፤ ግማሹ ውኃ ውስጥ ነበር። ጄኔሬተሩ እያጓራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ነርስ የአንድ ሕፃን መተንፈሻ ከረጢት በእጇ እየጨመቀች ትቆጥር ነበር። ኬብል በደረጃው አሳልፈን እስክናገናኝ 50 ደቂቃ ፈጀብን። ሕፃኑ ተርፏል። የነርሷ ጣቶች ግን ከከረጢቱ አልላቀቅ ብለው ሌላዋ ባልደረባዋ ነች የፈታቻቸው።

ፉኩሺማም ላይ እንዲሁ ነው የሆነው። በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ሱናሚው ያልነካቸው ጄኔሬተሮች ነበሩ፤ ኃይሉን የሚያከፋፍሉት ሰሌዳዎች ሰጥመው ስለነበር ግን ከአንዱ በቀር አልጠቀሙም። በቁጥር 6 በኩል ያለ አንድ ጄኔሬተር ከነሰሌዳው ተረፈ፤ ያ አንድ ጄኔሬተር ቁጥር 5ንም 6ንም አዳነ። ወደ ርዕደ መሬቱ ማዕከል ይበልጥ የሚቀርበው የኦናጋዋ ማመንጫ ደግሞ ከባሕር ወለል 14.8 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተሠራ ተረፈ። ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ መሐንዲስ "ከፍ እናድርገው" ብለው አጥብቀው በመከራከራቸው ነው። ሱናሚው የመጣው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ልጄ፣ እዚያ ጨረር ውስጥ ማን ይገባል? ማንስ ነው ግባ የሚለው? (የቀድሞ ወታደር፣ ስድስት ኪሎ)

አባቴ፣ ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደኝ ነው።

በቁጥር 1 ውስጥ ግፊቱ እጅግ በረታ፤ እንፋሎቱን ለማስተንፈስ ቫልቭ በእጅ መክፈት ግድ ሆነ። ሁለት ሁለት ሆነው የሚገቡ ሰዎች ተመረጡ፤ ወጣቶቹ እንዲቀሩ ተደረገ፤ አንጋፋዎቹ ቀደሙ። ሙሉ መከላከያ ልብስ ለብሰው፣ የአየር ጠርሙስ ተሸክመው፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን ገቡ። የመጀመሪያዎቹ አንዱን ቫልቭ 25 በመቶ ከፈቱት። ሁለተኛዎቹ ጨረሩ ስለበረታ ከመንገድ ተመለሱ። ለአደጋ ጊዜ ሠራተኛ የተፈቀደው መጠን 100 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ነበር፤ በኋላ ወደ 250 ከፍ ተደረገ። ዋናው ነገር ግን የሚገቡት ሰዎች ልካቸውን ያውቁ ነበር፤ መለኪያ በደረታቸው ነበር፤ መመለስም ተፈቅዶላቸዋል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሌሊት በያኔዋ ሶቭየት ኅብረት ወደ ፈነዳው የቼርኖቤል ኑክሌር ማመንጫ የደረሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግን ያጋጠማቸውን ጨረር መጠን የነገራቸው አልነበረም። የጣሪያ እሳት ነው ብለው ወጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእነርሱና ከማመንጫው ሠራተኞች 28ቱ በጨረር ሕመም ሞቱ። ለእኔ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጀግንነት አይደለም፤ ሁለቱም ጀግኖች ነበሩ። ልዩነቱ እውነቱን የነገራቸው ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ማን ነው ግባ የሚለው ላሉኝ፣ የፉኩሺማ ማመንጫ ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ ነበሩ። ንጹሕ ውኃው ሲያልቅ በእሳት አደጋ መኪና የባሕር ውኃ ወደ ማብላያው ማስገባት ጀመሩ። ጨዋማ ውኃ ማብላያውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አቁሙ የሚል መልእክት መጣ። እርሳቸው ለሠራተኛቸው በጆሮው "እኔ አቁም ብልህም እንዳታቆም" ብለው፣ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ እየሰማ ጮክ ብለው "አቁሙ" አሉ። ውኃው አልቆመም። እኔ ትክክል አደረጉ ባይ ነኝ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ትክክለኛውን ነገር ለማድረግ አለቃውን ማታለል ካስፈለገው፣ የሥልጣን ክፍፍሉ ቀድሞ መበላሸቱን ያሳያል።

ለልጆቼ አዮዲን ያለው ጨው በብዛት ልግዛ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ካዛንቺስ)

እህቴ፣ ለአደጋው ብለሽ አትግዢ። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ይወዳል፤ ከማመንጫ የሚያመልጠውን ጨረር አመንጪ አዮዲንም ሳይለይ ይሰበስባል። ለዚህ ተብሎ የሚሰጥ የአዮዲን እንክብል አለ፤ ዕጢውን ቀድሞ በደኅናው አዮዲን ይሞላል። ለአዋቂ የሚሰጠው 130 ሚሊግራም ነው፤ ይህን ከጨው ለማግኘት በኪሎ የሚቆጠር ጨው መብላት ያስፈልጋል፤ ያ ራሱ ይገድላል። እንክብሉም የሚወሰደው የጤና ባለሥልጣን ሲያዝ ብቻ ነው፤ ከሌላው ጨረርም አይከላከልም።

ለዕለት ወጥሽ ግን አዮዲን ያለውን ጨው ተጠቀሚ። አዮዲን የጎደለው ልጅ ዕጢው የተራበ ስለሆነ መጥፎውን ይበልጥ ይስባል። ቼርኖቤል አካባቢ ልጆችን የጎዳው በዋናነት ወተት ነው፤ ላሞች የተበከለውን ሣር በሉ፣ ልጆች ወተቱን ጠጡ። የዚህ አዮዲን ጨረር በ8 ቀን በግማሽ የሚቀንስ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት ትኩስ ወተት መከልከል ብቻ ብዙ ልጆችን ያድን ነበር።

ወዲያውኑ ከተማ ጥሎ መሸሽ አይሻልም?

ሁልጊዜ አይደለም። ቤት ገብቶ በርና መስኮት መዝጋት፣ የላይኛውን ልብስ ማውለቅ፣ መታጠብ፣ ሬዲዮ መስማት ይቀድማል። በፉኩሺማ ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መኖሪያ ያለ ዝግጅት በአውቶቡስ የተጫኑ ሕሙማን በየመንገዱ ሞተዋል። በክፍለ ሀገሩ ከመፈናቀልና ከጭንቀት ጋር በተያያዘ የሞቱት ከ2000 በላይ ናቸው። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ ኦክስጅን የሚፈልገውን ሰው ማን እንደሚሸከመው ቀድሞ ካልተጻፈ፣ ሽሽቱ ራሱ ሌላ አደጋ ነው።

እኛ አገር ማመንጫው ገና ነው። አሁን የሚያሳስበን ነገር አለ? (ምናለሽ ተራ የብረት ሱቅ ያለው)

አለ፤ አንተንም በቀጥታ ይመለከታል። በመስከረም 1980 ዓ.ም. በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሁለት ሰዎች ከተተወ የሕክምና ተቋም አንድ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ፈትተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር፤ በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ነጋዴው ተገርሞ ለዘመድና ለጎረቤት አካፈለ። የስድስት ዓመት ልጅን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበከሉ። ለሕመሙ ምክንያቱ ያ ዕቃ መሆኑን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ነበረች፤ ወደ ጤና ቢሮ ወስዳ ብዙዎችን አተረፈች፤ እርሷ ግን ከሞቱት አንዷ ናት።

ስለዚህ ቆራሌው ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የእርሳስ ዕቃ ወይም ቢጫ መደብ ላይ ባለሦስት ክንፍ ምልክት ያለበት ብረት ካመጣ አትቁረጠው፣ አትክፈተው። ራቅ፣ ሰዎቹን አርቅ፣ ፖሊስ ጥራ። ምልክቱን አትመህ ሱቅህ በር ላይ ለጥፈው፤ ለጎረቤቶችህም ስጣቸው።

ታዲያ ማመንጫው ይሠራ ይላሉ ወይስ አይሠራ?

ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልገን በየቀኑ ስለማይ ይሠራ ከሚሉት ወገን ነኝ። ከዛሬዎቹ አዳዲስ ማብላያዎች ብዙዎቹ የቀለጠ ነዳጅ የሚይዝ ጎድጓዳ መቀበያ ወይም ያለ ፓምፕ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አላቸው፤ የፉኩሺማዎቹ የቀለጠ ነዳጅ መቀበያ አልነበራቸውም። የስምጥ ሸለቆው ግን እዚሁ አጠገባችን ነው፤ በ2017 የፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። ቦታ መረጣው በጥድፊያ እንዳይሆን እለምናለሁ። ከሁሉ በላይ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከሚገነባው ነጻ ይሁን። ጃፓን ውስጥ ተቆጣጣሪው የኑክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ የተለዩት ከአደጋው በኋላ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቻችንም ማመንጫው ከመገንባቱ በፊት ይሠልጥኑ። በፉኩሺማ በብዙ ድካም የተዘረጋ ኬብል ተገናኝቶ ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በርዕደ መሬቱ ማግስት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ36 ላይ፣ ቁጥር 1 ፈንድቶ በጣጠሰው። በጎረቤቱ የፉኩሺማ ዳይኒ ማመንጫ ግን 200 ያህል ሰዎች 9 ኪሎ ሜትር ኬብል በትከሻቸው ጎትተው ማመንጫውን አትርፈዋል። ኬብል መጎተት ልምምድ ይፈልጋል።

የሕንጻችን ጄኔሬተር ምድር ቤት ነው። ጽሑፍዎን ሳነብ ፈራሁ። ምን ላድርግ? (የሕንጻ አስተዳዳሪ፣ ስታዲየም አካባቢ)

ነገ ጠዋት ወርደው ሦስት ነገር ይዩልኝ፤ የማቀያየሪያ ሰሌዳው ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ፣ የውኃ መሳቢያው ፓምፕ ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ሰሌዳ መሆን አለመሆኑን፣ የክፍሉ ቁልፍ ሌሊት ማን ጋር እንደሚያድር። ከዚያ ዋናውን መስመር አጥፍተው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ይያዙ። ቁጥሮቹን ይላኩልኝ። ክረምት ሳይገባ መጥቼ አየዋለሁ።