ስለ ትንፋሽ የጠየቃችሁኝ፦ ጥያቄና መልስ ለወሎዬዎች

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ የሚበዛው የሳንባ ሕሙማን ላይ ነው፣ በዘርፉ የሚወጡ ጥናቶችንም እከታተላለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ እነሆ መልሻለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለማንም በጽሑፍ መድኃኒት አላዝዝም፤ ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ካወቃችሁ ግን ግማሹ ነገር አልቋል።

ከኮምቦልቻ፦ የ7 ዓመት ልጄ አስም አለባት። ሰማያዊውን ፓፍ በየቀኑ እሰጣታለሁ። አሁን ሐኪሙ ሌላ ፓፍ ጨመረላትና ጎረቤቴ «ስቴሮይድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ ልጅ አያሳድግም» አለችኝ። ፈርቼ አስቀምጬዋለሁ።

አብሽሪ እህቴ፣ ዛሬውኑ ጀምሪላት። አስም የአየር ቧንቧው ከውስጥ ሲቆጣና ሲያብጥ ነው። አቧራው፣ ጉንፋኑ፣ የድመቱ ፀጉር ሰበብ ይሆንና ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቧንቧው ግድግዳ ይጎርፋሉ። ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይወፍራል፣ ቧንቧውን የከበበው ጡንቻም በትንሽ በትልቁ ይኮማተራል። ሰማያዊው ሳልቡታሞል የሚያላላው ጡንቻውን ብቻ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራና ያልቃል። እብጠቱን አይነካውም፤ እሱን የሚያበርደው ሐኪሙ የጨመረላት የስቴሮይድ ፓፍ ነው። ልጅቷ ትንፋሿ ሲመለስ የዳነች ትመስላለች፣ ቁጣው ግን ከሥር እንዳለ ነው። በየቀኑ ሰማያዊውን መፈለጓ ራሱ በሽታው በቁጥጥር ሥር አለመዋሉን ይናገራል። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ፣ ጂና የሚባለው፣ በ2019 አዋቂም ሆነ ታዳጊ በሳልቡታሞል ብቻ መታከሙ ይቁም ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እሱን ብቻ እየደጋገሙ የሚወስዱ ሰዎች ለከባድ ሕመምና ለሞት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ሱስ አያስይዝም። እድገትን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፤ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን እስከ ጉልምስና የተከታተለ ጥናት በ2012 ታትሟል፤ በቀን 400 ማይክሮግራም ቡዴሶናይድ የሚባል የሚሳብ ስቴሮይድ ለዓመታት የወሰዱት በመጨረሻ ቁመታቸው በአማካይ በ1.2 ሴንቲ ሜትር አንሶ ተገኘ። የሚታየው ጉዳት ይህን ያህል ነው። በሌላ በኩል፣ ልጅቷ ታማ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ የሚሰጣት የሚዋጥ ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ 20 ሚሊግራም ቢሆን፣ በቀን 200 ማይክሮግራም ከሚሳበው 100 እጥፍ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚዞረው መላ ሰውነቷን ነው። ትንሹን በየቀኑ መስጠት ትልቁን ያስቀራል። ከሳበች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥና ትትፋው፤ የአፍ ፈንገስ እንዳይይዛት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፓፉን አፍ ላይ ደቅኖ መንፋት መድኃኒቱን ጉሮሮ ላይ ያስቀረዋል። ስፔሰር፣ ማለትም ፓፉና አፍ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ፣ ከሌለሽ የግማሽ ሊትር የውኃ ላስቲክ ይበቃል። በጋለ ሽቦ ከላስቲኩ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ ልክ ቅደጂ፤ ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ አየር አያሾልክ። በሳሙና እጠቢውና ሳትወለውይው ይድረቅ፤ በጨርቅ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ፓፉን ነቅንቀሽ፣ ልጅቷ የላስቲኩን አንገት በከንፈሯ ገጥማ አንዴ ትነፊና ከ5 እስከ 6 ጊዜ ቀስ ብላ ትተንፍስ። ሁለተኛው ከታዘዘ እንደገና ነቅንቀሽ ነው እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አይደለም። ይህ የድሀ ማካካሻ እንዳይመስልሽ፤ የደቡብ አፍሪካዋ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በ1999 አስም የተነሳባቸው ሕፃናት ላይ ፈትነውት ከሱቅ ከሚገዛው እኩል ሠርቷል።

ከኮምቦልቻ፦ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰኞ ሰኞ ደረቴ ይጨመድዳል፣ ሐሙስ ዓርብ ይሻለኛል። ጓደኞቼ «የእሁድ ጭፈራ ነው» ይሉኛል።

ወንድሜ፣ የነገርከኝ ምልክት ስም ያለው በሽታ ነው፤ ቢሲኖሲስ ይባላል፣ የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው። በጥጥ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከገላቸው ኢንዶቶክሲን የሚባል ነገር ይተዋሉ። ብናኙ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ዘበኞች፣ ማክሮፌጆች፣ ባክቴሪያ የመጣ መስሏቸው ሌሎች ነጭ ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ቧንቧው ይቆጣል። ሰኞ ለምን ይብሳል ለሚለው በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ብናኙን እየተላመደ ይሄድና በዕረፍት ቀን መላመዱ ይጠፋል የሚል ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ሰኞና ዓርብ መለየታቸው ይቀርና ሕመሙ የሁልጊዜ ይሆናል። ያኔ ወደ ኋላ አይመለስም።

ማስረጃ አሰባስብ። ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ፣ ፒክ ፍሎው፣ ካገኘህ ሰኞ ሥራ ከመግባትህ በፊትና ስትወጣ ንፋና ጻፈው፤ ሐሙስም እንዲሁ። ሐኪምህ ያን ወረቀት ካየ ነገሩ ይገባዋል። ጥጥ የሚፈታበትና የሚዳመጥበት ክፍል ብናኙ ከሁሉ ይበዛል፤ ከዚያ ዞር ለማለት ጠይቅ። የጨርቅ ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያቆምም፤ ኤን 95 ይሻላል፣ ዋናው ግን ብናኙን ከምንጩ የሚመጥ መሣሪያ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ የሥራ በሽታም በአዋጁ ታውቋል። ብቻህን አትሂድ፤ ሰኞ ሰኞ የሚያማቸውን ሌሎችንም አሰባስብ።

ከደላንታ፦ እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ዳገት መውጣት አቃታት፣ ሳሏም አልለቅ አለ፣ በመጨረሻ «ሲኦፒዲ» አሏት። ሲጋራ ሳይጨስ ይህ እንዴት ይሆናል?

ጭሱን እናትህ በማጀት ስባዋለች ወንድሜ፤ ሲኦፒዲ ማለት የአየር ቧንቧው ለዘለቄታው የሚጠብበት የሳንባ በሽታ ነው። ደላንታ፣ መቄት፣ ተንታ ላይ እንጨት የለም፤ የሚነደው ኩበት ነው። ለብርዱ ሲባል በር ይዘጋል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ሕፃን ጀርባ ላይ ታዝሏል። ቤታችሁ ጣራ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ታውቀዋለህ፤ ያው ጥቀርሻ ሳንባም ውስጥ ይገባል። ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ቅንጣት በአፍንጫ ፀጉርም በአክታም አይያዝም፤ እስከ አየር ከረጢቶቹ ይወርዳል። እዚያ ማክሮፌጆች ይውጡታል፣ ግን ካርቦን ነውና አይፈጩትም። ማላዊ ውስጥ በእንጨት ጭስ የሚኖሩ ሰዎች ሳንባ ታጥቦ ሲታይ ማክሮፌጆቹ ጥቁር ተሸክመው ተገኝተዋል። እነዚህ የተጨናነቁ ሕዋሳት ኒውትሮፊል የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ኒውትሮፊል ደግሞ ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም እየረጨ ጀርሙንም የሳንባውን ግድግዳም አብሮ ይበላል። 40 ዓመት በየቀኑ ሲሆን ቧንቧው ይጠባል፣ ይጠነክራል።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። «ታዲያ ምድጃው ይቀየር» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ጥናቶቹ ግን አስተማሪ ናቸው። ማላዊ ገጠር የተሻሻለ ምድጃ ታድሎ የሕፃናት ሳንባ ምች አልቀነሰም። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ከ3 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ያሉበት ጥናት ደግሞ ምድጃውን በቡታ ጋዝ ቀየረ፤ ጭሱ በእርግጥ ቀነሰ፣ ግን በ2024 ይፋ በሆነው ውጤት የጨቅላዎቹ ከባድ ሳንባ ምች ለውጥ አላሳየም። ይህን የምነግርህ ተስፋ እንድትቆርጥ አይደለም። የሕፃን ሳንባ ምች በምግብ እጥረት፣ በክትባት፣ በመጨናነቅም ስለሚመጣ ጭሱን ብቻ ማውጣት አልበቃ ብሎ ይሆናል። የእናትህ በሽታ ግን በአሥርት ዓመታት የሚጠራቀም ነው፤ ከ18 ወር ጥናት ውጤት ተነሥቶ ጭስ ችግር የለውም የሚል ሰው ተሳስቷል።

አሁን ለእሷ፦ መጋገሩን ሌላ ሰው ይያዝላት፣ ማጀቱ ከመኝታው ይለይ፣ ጭስ መውጫ ይከፈት። በሽታው ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ ምርመራ መረጋገጡን ጠይቅ፤ አክታዋም ለቲቢ ይታይ፣ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ሁሉ መታየት አለበት። ቧንቧ ከፍተው ለረጅም ሰዓት የሚቆዩ የሚሳቡ መድኃኒቶች አሉ። ስቴሮይድ ፓፍ በዚህ በሽታ ለሁሉም አይሰጥም፤ በተራ የደም ምርመራ ኢዮሲኖፊል በማይክሮሊትር 300 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠቅማል፣ እሱንም ጠይቅ። ደክሟታል ብላችሁም አታስተኟት። በየቀኑ በሜዳ ቀስ ብላ መራመዷ ከብዙ መድኃኒት እኩል ይረዳታል።

ከደሴ፦ ለቡና የምናጨሰው ዕጣንና ሰንደልስ?

ጭስ ጭስ ነው፣ ዕጣንም ቢሆን። ቤት ውስጥ አስም ወይም ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ካለ ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ይቅር፤ ለዱዓም ከሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ታማሚው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ከመርሳ፦ ልጄ ሳሉ አልለቀው ብሎ አማቴ እንጥሉን እናስቆርጠው ይላሉ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትስ?

እንጥል አይቆረጥ! ሳሉ ከእንጥል አይመጣም፤ የሚመጣው ደም መፍሰስና መመረዝ ነው፣ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። አማትህን በአክብሮት ጤና ጣቢያ ይዘሃቸው ሂድ፣ ከባለሙያው አፍ ይስሙት። ልጁ ዓመት ካለፈው ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ማር ሳል ያስታግሳል፤ ዓመት ላልሞላው ማር ክልክል ነው። ፌጦ ለሕፃን አትስጥ፣ የፈላ ውኃ ላይ ማጠንም የሚያቃጥለው ልጅ ብዙ ነው።

ከወረኢሉ፦ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዝተን አባታችን ላይ 89 በመቶ አነበበ። «ደጋ ስለሆነ ነው» ተባልን። እውነት ነው?

በዚህ አትጽናኑ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱም ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሆኖም ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክታ በ2002 ያወጣችው ጥናት አለ፤ አማካያቸው 95.3 ነበር፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢናቸውም ከቆላ ሰው ብዙም አይለይም። የእኛ ደገኛ እንዲህ ከሆነ 89 በከፍታ ብቻ አይመካኝም። በዚያ ላይ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል በ2020 ታይቷል። እጃቸውን አሙቁ፣ ጥቁር ሂና ወይም የጥፍር ቀለም የሌለበትን ጣት ምረጡ፣ ለ5 ደቂቃ አረጋግታችሁ ድገሙት። ያው ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል።

ከወልዲያ፦ ጉንፋንና ሳንባ ምችን በምን ልለይ? የ10 ወር ልጅ አለኝ።

ትንፋሹን ቁጠሪ። ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱን እያየሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ኬላ ውሰጂው። ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ። የሳንባ ምች ክትባት በአገራችን ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል፤ ካርዱን እይ፣ የጎደለ ካለ ይሟላ።

ከሐይቅ፦ እኛ ገጠር ስናድግ አስም አናውቅም ነበር። ከተማ የገቡት ልጆቻችን ለምን ያማቸዋል?

ይህን ጥያቄ ከመረመሩት ጥናቶች አንዳንዶቹ የተሠሩት በእኛው አገር ነው። ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ላይ ተሠርቶ በ1997 የወጣ ጥናት አስም በከተማ ከገጠር እንደሚበዛ አሳየ፤ በ2001 የተከተለው ደግሞ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የሚልበት ጊዜ ያነሰ መሆኑን። ትሉ እንዳይገደል ብሎ የሰውነት መከላከያን ያበርዳል፣ ቧንቧውም አብሮ ይበርዳል የሚለው ሐሳብ በዚህ ተጠናከረ። እንግሊዞች ግን በአስም የታመሙ ፈቃደኞችን ሆን ብለው በትል ሲያስይዙ ግልጽ ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ የትል መድኃኒት ለልጆቻችሁ ስጡ፤ ትሉ ደም ይመጥጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ከልጅነት ጀምሮ ከከብትና ከአፈር ጋር ማደግ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በባህላዊ እርሻ የሚኖሩ የአሚሽ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ ልጆች በማሽን ከሚያርሱት ሃተራይት ከሚባሉት ማኅበረሰብ ልጆች በጣም ያነሰ አስም እንዳለባቸው በ2016 ታይቷል፣ የቤታቸው አቧራ ለአይጥ ሲሰጥም ቧንቧዋን ከቁጣ ጠብቋል።

ከደሴ፦ ወንድሜ ቲቢ ይዞት መድኃኒት ጀምሯል። አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። ልጅ ሆኜ ቢሲጂ ተከትቤያለሁ፣ ይበቃኛል?

አይበቃህም። ቢሲጂ ከ1921 ጀምሮ አለ፤ ሕፃናትን ከከባድ ቲቢ ይጠብቃል፣ የአዋቂን ሳንባ ግን በቅጡ አይከላከልም። ጀርሙ ሲገባ ማክሮፌጆች ይውጡትና ዙሪያውን አጥረው ያስሩታል። የዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ እንዲህ የታሰረ ጀርም አለው፣ ከእነሱም በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። አሁኑኑ ተመርመር፤ ሕመም ከሌለብህ በሳምንት አንዴ ለ3 ወር የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት እንዲሰጡህ ጠይቅ። ኤም72 የሚባል አዲስ ክትባት በ2024 የመጨረሻ ምዕራፍ ሙከራ ጀምሯል፤ ቀደም ባለው ሙከራ ግማሽ ያህል ተከላክሏል፣ ተስፋ አለኝ። ወንድምህ 6 ወሩን አንድ ቀን ሳያጎድል ይጨርስ። የሚያቋርጥ ሰው መድኃኒት ለተላመደው ቲቢ በር ይከፍታል፣ እሱ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያስኬዳል።

ከላሊበላ፦ ለአስም አዲስ መርፌ መጣ ይላሉ። ለአክስቴ ይሆናል?

አሉ፤ በሰውነት ውስጥ ቁጣውን የሚጠሩትን መልእክቶች ነጥለው የሚዘጉ ናቸው። ኦማሊዙማብ ከ2003፣ ሜፖሊዙማብ ከ2015 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አላቸው፤ ዱፒሉማብ ደግሞ በ2024 ኢዮሲኖፊል ለበዛባቸው የሲኦፒዲ ሕሙማን ተፈቀደ። ዋጋቸው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ደግሞም የታሰቡት የሚሳበውን በትክክል ወስደው ላልተሻላቸው ጥቂቶች ነው። አክስትሽ ፓፏን ይዛ ፊትሽ ትሳበው፤ ነቅንቃለች? ትንፋሿን አውጥታ ጀመረች? ስባ ወደ 10 ሰከንድ ያህል ያዘች? ከእነዚህ አንዱን ሳታሟላ የምትወስድ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።