ለረጃጅሞቹ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ልምምድ ሲያልቅ ጠጋ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ጋሼ፣ እኔ ነጥብ ላይ ብዙም አይደለሁም። በመከላከል ብቻ ኑሮ ይገፋል?» ኳስ እየሰበሰብኩ፣ አንዱ ከኋላ እየጠራኝ፣ ያን ጥያቄ በወጉ መመለስ አልችልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

አጭሩ መልስ «አዎ» ነው። እኔ 14 ዓመት ቅርጫት ኳስ የተጫወትኩት ሴንተር ሆኜ ነው፤ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ ሰው። አንድም የውድድር ዘመን የቡድኔ ከፍተኛ አግቢ ሆኜ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አራተኛም ሆኜ አላውቅም። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ያስከፋችሁ ይሆናል። እናንተ መከላከል የምትሉትና እኔ መከላከል የምለው አንድ አይደለም።

እናንተ ስትሉ ብሎክ ማለታችሁ ነው፤ የተወረወረን ኳስ በእጅ መመለስ። አይፈረድባችሁም። ዲኬምቤ ሙቶምቦ ኳሷን ከመለሰ በኋላ ጣቱን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ አይታችኋል። ጣቷን ሁላችሁም ትችሉባታላችሁ። ከጣቱ በፊት እግሩ የት እንደነበር ግን አንዳችሁም ጠይቃችሁኝ አታውቁም። ሰውየው በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ 3,289 ብሎክ አለው። ከሃኪም ኦላጁዋን ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ያን ያህል ኳስ በዝላይ ብቻ አይመለስም። እስከ 42 ዓመት ዕድሜም በዝላይ ብቻ አይደረስም።

እኔ በ20 ዓመቴ ዝላይ ብቻ ነበርኩ። ኳስ ከትከሻ ከፍ ስትል ካየሁ አየር ላይ ነኝ። አንድ ቀን ፊት ለፊቴ አንድ የገፋ ተጫዋች ገባ። ቦርጭ ቢጤ ጀምሮታል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። በልቤ «ዛሬስ ቀለለኝ» አልኩ። ኳሷን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረጋት። ዘለልኩ። እሱ አልወረወረም። መንገድ ላይ መኪና እስኪያልፍ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ እስክወርድ ጠበቀኝ። ልወርድ ስል ትከሻዬ ሥር ገባና አገባ። ፋውልም ተነፋብኝ። በአንድ ኳርተር፣ በጨዋታው ሩብ ጊዜ ውስጥ፣ ይህን ሦስት ጊዜ አደረገኝ።

አሰልጣኙ አስወጣኝና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሴንተራችን ካልሲውን እየጎተተ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ስማ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ ዘሎ ያውቃል?»

አሰብኩ። አንድም ጊዜ አልዘለለም።

«ታዲያ አንተ ምን ያስዘልልሃል? እሱ ከመሬት ሳይነሳ አትነሳ።»

ይህቺ ናት። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ በዚህች ላይ የተጨመረ ነው። ቀኝ እጁ በሆነ ወርዋሪ ላይ ግራ እጃችሁን አንሱ። እሷ ለኳሷ ትቀርባለች፣ ሰውነታችሁም እላዩ ላይ አይወድቅም። ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ዝለሉ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች አታውርዱ። ከቆማችሁበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያለው ቦታ የእናንተ ነው። መጥቶ ቢጋጫችሁ እንኳ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ዳኛ ፊሽካ የሚነፋው በወደቀ ክንድ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ አምስት ፋውል ብቻ ነው ያላችሁ። እንደ ብር ቆጥባችሁ አውጧት።

ስለ አቋቋም ካነሳሁ የማርክ ኢተንን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እኔን ያኔ ያጽናናኝ የእሱ ታሪክ ነው። ኢተን ቁመቱ 2.24 ሜትር ነበር፤ ሥራው ደግሞ መካኒክ። ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሲጠግን አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ አይቶት ነው ወደ ቅርጫት ኳስ የተመለሰው። በኋላ ዩሲኤልኤ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ወንበር ላይ ነው። ጋርዶችን፣ ኳስ ይዘው የሚመጡትን ፈጣኖቹን፣ ለማባረር ሲሮጥ ትንፋሹ ያልቃል፣ አንዱንም አይደርስበትም። አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ጂም የቀድሞው ታላቅ ሴንተር ዊልት ቻምበርሊን አየውና ክንዱን ይዞ ቅርጫቱ ሥር ወሰደው። የነገረው በአጭሩ ይህ ነበር፦ እነሱን ማሳደድ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ሁሉም የሚመጡት እዚህ ነው፣ እዚህ ጠብቃቸው።

ኢተን በእ.ኤ.አ. 1984-85 የውድድር ዘመን (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ለኤንቢኤው ቡድን ለዩታ ጃዝ 456 ብሎክ አደረገ። በአንድ ጨዋታ በአማካይ 5.56 ማለት ነው። እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ያው ሰውዬ ነው፣ ቁመቱም ያው ነው። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው።

አሁን የማትወዱትን ልናገር። ድምፅ። ጂም ውስጥ ስገባ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ዝምታችሁ ነው። ሴንተር ከሁሉም ኋላ ነው የሚቆመው፣ ሜዳው በሙሉ ፊቱ ነው። ጋርዱ የሚያየው ኳሷን ብቻ ነው። ከጀርባው ስክሪን ሊሠራበት፣ ማለትም ቆሞ መንገዱን በሰውነቱ ሊዘጋበት፣ የመጣውን ግንብ አያይም። ዓይኑ እናንተ ናችሁ። «ስክሪን ግራ!» ለማለት አንድ ሰከንድ አትፈጅም፤ ግን ከመጋጨቱ በፊት መድረስ አለባት። ከተጋጨ በኋላ ብትጮሁ ማዘን እንጂ መከላከል አይባልም።

ይህን የማውቀው አበላሽቼ ስላየሁት ነው። በሦስተኛ ዓመቴ ነው። ደክሞኛል፣ ወገቤን ይዣለሁ። የተጋጣሚው ሴንተር ሲጠጋ በደንብ አይቼዋለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ጋርዳችን በሙሉ ፍጥነቱ እየሮጠ በደረቱ ገባበት። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ የጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሳምንታት ተቀመጠ። እኔን ግን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ዝም ብዬ አላውቅም። ባለቤቴ እቤትም እንደዚያው ነህ ትለኛለች።

ከጩኸቱ በኋላስ? ኳስ የያዘው ጋርድ ስክሪኑን ዞሮ ይመጣባችኋል፣ ስክሪን የሠራው ደግሞ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። እናንተ አንድ ናችሁ፣ እነሱ ሁለት። ጀማሪ ሲባል ወዲያው አንዱን ይመርጣል፣ ሁለተኛው ያገባል። እናንተ አትምረጡ። በመሃላቸው ሁኑና ወደ ኋላ እያላችሁ ቆዩ። አንድ እጅ ወደ ኳሷ፣ አንድ እጅ ወደ ማቀበያው መንገድ። የእናንተ ሥራ ጊዜ መግዛት ነው። የተመታው ጋርዳችሁ ከስክሪኑ ወጥቶ ሊደርስላችሁ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። ጋርዱ ኳሷን በሁለት እጁ ሲይዝ፣ ያኔ ወሰነ ማለት ነው። እናንተም ያኔ ወስኑ። ከእሱ ቀድሞ የወሰነ ሴንተር ለእሱ ሥራውን ሠራለት።

ይህ ሁሉ የትም አይጻፍም። ጋርዱ አይቶአችሁ ፈርቶ ኳሷን መልሶ ቢያወጣት፣ የጨዋታው ወረቀት ላይ ስማችሁ የለም። ሴንተሩ ቢል ራስል በ13 የውድድር ዘመን ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር 11 ዋንጫ ሲወስድ ብሎክ የሚባል ነገር አይመዘገብም ነበር። እሱ በ1969 አቆመ፣ ኤንቢኤ ብሎክ መቁጠር የጀመረው በ1973-74 ነው። ስለዚህ ስንት እንደመለሰ ሊጉ መዝገብ የለውም። ኳሷን ደግሞ ወደ ታዳሚ አይልካትም ነበር። ነካ አድርጎ ለጓደኛው ያወርዳታል፣ ቡድኑ በዚያው ወደ ማጥቃት ይሮጣል። ታዳሚ ውስጥ የገባች ኳስ ተመልሳ የምትሰጠው ለተጋጣሚ ነው። ጭብጨባ ታገኛላችሁ፣ እነሱ ኳስ ያገኛሉ።

አለመጻፉ ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ግን አልደብቃችሁም። አንድ ጊዜ ውል ለማደስ ስቀመጥ ኃላፊው ወረቀቱን ዘርግቶ «ነጥብህ አነስ ብሏል» አለኝ። እኔ ደግሞ ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ከየጨዋታው በኋላ ቪዲዮ እያየሁ ሞልቼዋለሁ። እኔ ሜዳ ላይ ሳለሁ ተጋጣሚ ቅርጫቱ ሥር ስንት ጊዜ ሞከረ፣ ስቀመጥስ ስንት ጊዜ ሞከረ። ሁለት ዓምድ ብቻ። መነጽሩን አደረገና ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነጥብ አላነሳም፣ ውሉ ላይ አንድ ዓመት ተጨመረ። ዛሬ ይህን ኮምፒውተር ይሠራላችኋል። ቢሆንም የራሳችሁን ደብተር ያዙ። የባላጋራ አመል የሚጻፈውም እሱ ላይ ነው፦ ማን ከመወርወሩ በፊት አንድ ጊዜ መሬት ያያል፣ ማን ሁልጊዜ በግራ ትከሻው ይዞራል።

ቤን ዋላስን እየጠቀሳችሁ ከነጻ ውርወራ የምታመልጡ አላችሁ። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እርግጥ ነው፣ ዋላስን በ1996ቱ ድራፍት፣ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ ማንም አልመረጠውም። አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፣ በ2004 ከዲትሮይት ፒስተንስ ጋር ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2021 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በአማካይ ያገባው 5.7 ነጥብ ብቻ ነው። ከነጻ ውርወራውም የገባለት ከአሥሩ አራቱ ገደማ ነው። እሱ ግን ዋላስ ነው፤ በሌላው ሥራው ያንን ሁሉ ይከፍል ነበር። እኔ ዋላስ አልነበርኩም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሲደርሱ ተጋጣሚ ሆን ብሎ እኔ ላይ ፋውል ይሠራል፣ እኔ እስታለሁ፣ አሰልጣኙ ያስቀምጠኛል። 38 ደቂቃ የጠበቅኩትን ቅርጫት በመጨረሻ ሌላ ሰው ሲጠብቀው ከወንበር ላይ አየሁ። በቀን 100 ነጻ ውርወራ። አታላግጡ።

ሥራው ዛሬ ከእኛ ጊዜ ከብዷል፣ አምናለሁ። ሴንተሩም ጭምር ሦስት ነጥብ ይወረውራል፣ ከቅርጫቱ ሥር ጎትቶ ያወጣችኋል። ኤንቢኤ ውስጥ ደግሞ ከ2001-02 ጀምሮ ማንንም ሳይዙ ቀለም በተቀባው ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም ያስቀጣል። ግን ሩዲ ጎቤርን እዩት። በ2013 ድራፍት 27ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ እስከ 2024 አራት ጊዜ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ቦታው አልጠፋም። እግር ብቻ ይጠይቃል።

እግር ካልኩ ስለ ጉልበት ላንሳ። አማርኛችን ለመገጣጠሚያውም ለብርታቱም አንድ ስም ሰጥቶታል፤ ለሴንተር እውነትም ሁለቱ አንድ ናቸው። አንድ ቡድን ውስጥ ሳለሁ ጉልበቴ አብጦ መርፌ እየተወጋሁ ስድስት ጨዋታ ገባሁ። የግፊቱን ያህል ተገፋሁ፣ ግን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደረጃ የምወርደው በጎን ነው። ሲያብጥ አልጫወትም በሉ። ይቆጡ።

አንዳችሁ ደግሞ መቼ እንደሚቆም ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ያኔ በቀልድ አለፍኩት። የመጨረሻው ዓመቴ ነው፣ አራተኛው ኳርተር። የእነሱ ሴንተር ስክሪን ሊሠራ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይኑን ወደሚሄድበት ጣል ሲያደርግ አየሁት። «ቀኝ!» አልኩ። በጊዜው ነው፣ በጣም በጊዜው። ጋርዱ ግን አምልጦ ወደ እኔ መጣ። ኳሷን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት እርምጃ ነበር። አፌ ደርሷል፣ ዓይኔ ደርሷል፣ እግሬ የለም። ኳሷ ቦርዱን ነክታ ስትገባ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት።

አሰልጣኙ ምንም አላለኝም። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው የቁርጭምጭሚቴን ፋሻ በመቀስ መቅደድ ጀመርኩ። የቡድኑ ፊዚዮ በሩ ላይ ቆሞ «ነገ ለልምምድ ስንት ሰዓት ልጠቅልልህ?» አለኝ።

«ነገ ልጆቹን ጠቅልላቸው» አልኩት።