ስለ ደጋፊ ተዋናይነትና ስለ ቴልማ ሪተር

እህታችን «ሁልጊዜ የሚሰጠኝ የጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ ወይም የእናት ገጸ ባሕርይ ነው፤ በዚህ የትወና ሕይወት ይገነባል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በመድረክ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራሁት በአብዛኛው በደጋፊ ተዋናይነት ስለሆነ፣ ሙያውን ካስተማሩኝ መካከል አንዷ ስለሆነችው አሜሪካዊት ተዋናይት ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ቴልማ ሪተር እ.ኤ.አ. በ1902 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደች። ትወናን ተምራ በመድረክ ከጀመረች በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ ከሥራው ርቃ ቆይታ፣ ወደ ሲኒማ የገባችው በ1947፣ በ45 ዓመቷ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ፊልሟ ለልጇ የገና መጫወቻ ፈልጋ ያጣች እናት ሆና ለአጭር ጊዜ ትታያለች፤ ስሟ እንኳ በተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ አልሰፈረም። ከዚያ ወዲህ ግን በደጋፊ ተዋናይነት ስድስት ጊዜ ለኦስካር ታጨች፤ ከእነዚህም አራቱ ከ1950 እስከ 1953 በየዓመቱ በወጡ ፊልሞች የተገኙ ናቸው። አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። በ1958 በኒው ዮርኩ የብሮድዌይ መድረክ በሙዚቃዊ ተውኔት ያገኘችው ቶኒ የተባለው የቲያትር ሽልማት ግን በመሪ ተዋናይነት መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

«ኦል አባውት ኢቭ» በተባለው ፊልም የታዋቂዋ ተዋናይት ረዳት የሆነችው በርዲ፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ተዋናይቷ በቀረበችው ወጣት አድናቂ በኢቭ አሳዛኝ ታሪክ ልባቸው ሲነካ ቀድማ የምትጠረጥር ሴት ናት። በፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ከታሪኩ ትጠፋለች፤ ይህም በእኔ እይታ የዚያ ድንቅ ፊልም ጉድለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በ1953 የወጣው «ፒክአፕ ኦን ሳውዝ ስትሪት» ውስጥ የተጫወተቻት ሞ ናት። ሞ ከረባት እየሸጠች፣ ለፖሊስም ወሬ እያቀበለች፣ ስትሞት የድሆች መቃብር ውስጥ እንዳትጣል ለቀብሯ ገንዘብ የምታጠራቅም አሮጊት ናት፤ ዕድር ለሚያውቅ ተመልካች ይህ ጭንቀት ማብራሪያ አያሻውም። ነፍሰ ገዳዩ የአንድ ሰው አድራሻ ሊያስወጣት ክፍሏ ሲገባ፣ ሪተር አትጮኽም፣ አትለምንም፤ እንደደከማት ብቻ ትነግረዋለች። ወሬ ሸጣ ስትኖር የከረመች ሴት ያንን አድራሻ ግን አትሸጥም፤ የገጸ ባሕርይዋ ክብር ሁሉ እዚያ ላይ ይገለጣል።

ለሥራዬ የጠቀመኝ ሌላው ነገር እጆቿ ናቸው። በ«ሪር ዊንዶው» ነርሷን ስቴላን ሆና በሽተኛውን እያሸች፣ ቁርሱንም እያቀረበች ስለ ግድያው ታወራለች፤ ንግግሩ ከሥራው መካከል ስለሚወጣ የተጠና አይመስልም። እኔም ከዚያ ወዲህ ትንሽ ገጸ ባሕርይ ሲሰጠኝ፣ ወደ መድረክ ከመግባቴ በፊት ያ ሰው ምን ሲሠራ እንደነበር ሳልወስን ልምምድ አልጀምርም።

በእርግጥ ሆሊውድ ሪተርን በእናትነትና በሠራተኛነት ወስኗታል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም በ1951 በወጣው «ዘ ሜቲንግ ሲዝን» ምራቷ የቤት ሠራተኛ መስላት የምትቀጥራትን እናት ስትጫወት ታሪኩ በእርሷ ላይ ቆሞ ሳለ የታጨችው በደጋፊነት ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎን ስመልስ፣ አዎን ይገነባል እላለሁ፤ ዝርዝሩ ላይ የሚሰጥዎ ስያሜና በታሪኩ ውስጥ የሚሸከሙት ክብደት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በሞ የመጨረሻ ትዕይንት ይጀምሩ፤ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ድምፁን ዘግተው ይመልከቱት። አሁን የሚለማመዱትን ገጸ ባሕርይ ከጻፉልን ደግሞ በዚያው ላይ እንወያያለን።