መልስ፦ ሁለቱንም ባን ማድረግ ልክ ነው ወይ?
ሁለት ጓደኞችህ አርፒ ሰርቨር (ሰው ካራክተር ይዞ የሚተውንበት የኦንላይን ጨዋታ) ላይ ተጣልተው ሞዱ፣ የሰርቨሩ ተቆጣጣሪ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሁለቱንም ባን አደረጋቸው፣ አገዳቸው ላልከው፣ እኔ ልክ ነው አልልም ወንድሜ፣ ስንፍና ነው።

መጀመሪያ የተጣሉት ካራክተሮቹ ናቸው ወይስ ሰዎቹ? ፋይቭኤም (ጂቲኤ 5ን በአርፒ የሚጫወቱበት) ላይ ሌባው ፖሊሱን ቢሰድበው ጨዋታ ነው፣ ስድቡ ዲስኮርድ (ተጫዋቾች የሚያወሩበት አፕ) ላይ ዲኤም፣ የግል መልእክት ድረስ ተከትሎት ከመጣ ግን አርፒ ነው ብሎ ማምለጥ የለም። አብዛኛው ፀብ የሚነሳው ያለምንም ታሪክ መጥቶ ተኩሶ ከሚገድል ሰው ነው፣ አርዲኤም የሚሉት፣ እሱ በክሊፕ ይታያል ቀላል ነው። ከባዱ ሜታጌሚንግ ነው፣ ካራክተሩ የማያውቀውን ከጨዋታው ውጪ አይቶ መጠቀም፣ ልጁ ያለህበትን ከስትሪምህ አይቶ ይመጣና ካራክተሬ በአጋጣሚ አገኘህ ይልሃል፣ በምን ታረጋግጣለህ? አንዴ ሆኖ እንደሆነ እለፈው፣ ከተደጋገመ ግን ያስታውቃል።

ደህና ሞድ ሲኑን (የሚተወነውን ትዕይንት) መሃል ላይ አያቋርጥም፣ ሲያልቅ ቲኬት (ለሞዶች የሚቀርብ አቤቱታ) ክፈቱ ይላል፣ ክሊፕና የሰርቨሩን ሎግ (መዝገብ) ያያል፣ ለየብቻ ያናግራቸዋል። ሰው ሁሉ በሚያየው ቻናል ማስታረቅ አይሰራም፣ ተመልካች ካለ ማን ይቅርታ ይላል? ቻቱ ከጋለ ደግሞ ዲስኮርድ ላይ ታይምአውት (ለጊዜው እንዳይጽፍ ማድረግ) አለ፣ ከ60 ሰከንድ እስከ 1 ሳምንት ከሜኑው መምረጥ ነው፣ ባን ምን አስቸኮለው። ብሄር እየጠራ የሚሳደብ ከሆነ ግን ቀጥታ ይውጣ፣ እዛ ላይ ሽምግልና የለም።

ሞዱ ራሱ ሲኑ ውስጥ ከነበረ ደግሞ ጉዳዩን ለሌላ ሞድ መስጠት ነበረበት። እና ልጆቹ ክሊፕ ካላቸው አፒል (ይግባኝ) ያስገቡ፣ ለየብቻ ግን፣ አንድ ላይ ከገቡ እዛው ይጀምሩታል 😂